የአሥራ ሁለቱ ዶሮዎች ወስፋት

በዘጠኝ ዓመቴ አሥራ ሁለት ዶሮዎችን ከረሃብ ሞት አድኛለሁ። ይህን የማወራው ለመጎረር አይደለም፤ ልጎርር ካልኩ ሌላ ስንት ነገር አለኝ። የማወራው መቱ እስካሁን ተገቢውን ክብር ስላልሰጠችኝ ነው። ሐውልት ይቁምልኝ አላልኩም። ግን ቢያንስ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቄ ጎራ ብሎ «ሀያት፣ ያን ጊዜ እኮ አንቺ ባትኖሪ…» ቢለኝ ምን ይጎዳው ነበር?

ዘመኑ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ትምህርት በኦሮምኛ ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር እኔ ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ በሁለቱም ነበር የምዋሸው። አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነው። በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ መጥቶ መጀመሪያ ኖፓ አካባቢ ተቀመጠ፤ ኋላ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ መቱ ገባ። እውነቱን ለመናገር በጭነት መኪና ነው የገባው፤ ግን በትከሻው ሲሆን ያምራል።

እናቴ ነኢማ ደግሞ ዶሮ ታረባ ነበር። አሥራ ሦስት ነበሩ። አንድ ጠዋት አንዷ ከቆጡ ሥር ደርቃ ተገኘችና አሥራ ሁለት ቀሩ።

እናቴ ምን እንደገደለው ሳታውቅ የምትቀብረው ነገር የለም። ምላጭ ይዛ ጓሮ ወጣችና የሞተችውን ዶሮ ሆድ ቀደደች። ጎረቤታችን እትዬ ዲሪቤ አጥሩን ተሻግራ መጥታ ከላይዋ አጎነበሰች። እኔም በሁለቱ መሃል ራሴን አሾለክሁ። አንጀቱ ሲከፈት ውስጡ እንደ ተቀቀለ ፓስታ የተጠቀለለ ነጭ ነገር ሞልቶታል።

«ወስፋት ነው» አለች እናቴ።

«ራሞ! ይኸው፣ እኔ ምን አልኩሽ?» አለች እትዬ ዲሪቤ። «የቀሩትስ ቢሆኑ? እንዴት እንደገረጡ አታዪም? ሙጫ፣ አንቺ ደግሞ ዞር በይ፤ ትወድቂበታለሽ።»

እትዬ ዲሪቤ ሁልጊዜ «ሙጫ» ነበር የምትለኝ። በኦሮምኛ «ልጅ» ማለቷ ነው። አዲስ የመጣ አማርኛ ተናጋሪ ግን የሚጣበቀውን ሙጫ ይመስለውና ይስቃል። በሁለቱም ቋንቋ ልክ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ እውቀቴ ትንሽ ማብራራት አለብኝ፤ የተከተለው ሁሉ የመጣው ከእውቀት ብዛት ነውና።

እኛ ቤት ወስፋት የታወቀ ነገር ነበር። አባቴ ለምሳ ሲመጣ ገና ከበሩ ሆዱን መታ መታ አድርጎ «ነኢማ፣ ወስፋቴ ጮኸ!» ይላል። እኔ ከምሳ በፊት ሸንኮራ ከመጠጥኩ ደግሞ እናቴ «ይኸው፣ ወስፋትሽን ቆለፍሽው!» ብላ ትቆጣለች። ስለዚህ ወስፋት ማለት ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ ምግብ ሲፈልግ የሚጮኽ፣ ጣፋጭ ሲበሉ የሚቆለፍ ነገር ነው። ወስፋት የሌለው አይርበውም። የማይርበው አይበላም። የማይበላ ይሞታል። እስቲ ከዚህ ውስጥ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? ዛሬም ቢሆን ሐኪም ይምጣና ይከራከረኝ።

«ራሞ»ን ደግሞ የማውቀው ከኦሮምኛው የሳይንስ መጽሐፋችን ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ራሞ ከእርጥብ አፈር ብቅ ያለ ወፍራም የመሬት ትል ነበር። እናቴ ወስፋት ያለችውን እትዬ ዲሪቤ ራሞ ስትለው ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ረሃብ የሚባለው ነገር እኛ ጓሮ ተቆፍሮ ይገኛል። ይህን ያወቅሁ በመቱ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ በዳሳ በሞተር ሳይክሉ መጣ። የከብትና የዶሮ ጤና የሚከታተል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከመቱ ቀጥላ ካለችው ከቡሬ መንገድ ሲመለስ እሱና ሞተሩ በጭቃ አንድ ላይ የተቦኩ ይመስላሉ። ለሰፈራችን ለአንዲት ሴት አምሳ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ሊሰጥ ነው። ከዝርዝሩ አንደኛዋ እናቴ ነች፤ ሁለተኛዋ ከድልድዩ ማዶ የምትኖረው ዋሪቱ።

«ግን እትዬ ነኢማ፣ እነዚህ ትል አለባቸው» አለ የገረጡትን ዶሮዎች እያየ። «በነዚህ ላይ ጫጩት ባመጣ ወር ሳይሞላው ያልቃል። ኪኒን እሰጥዎታለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቼ ኩሳቸውን አያለሁ። ትል ካገኘሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለዋሪቱ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ የደረቀውን ልብስ ከገመድ ሰበሰበች። ከዚያ ልብስ እያጣጠፈች ለእትዬ ዲሪቤ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ቤቱ የእንድሪስ። የስፌት መኪናው የእንድሪስ። በስሜ ተጽፎ ያየሁት አንድ የክትባት ካርድ ነው፤ እሱም የሀያት ነው።»

እኔ ካርዴን ልትወስድብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

አባቴ ኪኒኑን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ኬሚካል? ከኬሚካል የሚወጣ እንቁላል ልጄ አፍ አይገባም። ግራዋ እያለ! ነጭ ሽንኩርት እያለ! የዱባ ፍሬ እያለ! አያቴ ወሎ ሳለ ዶሮዎቹን በግራዋ ነበር የሚያክም።»

«ስንት ዶሮ ነበራቸው?» አለች እናቴ።

«ሁለት።»

«ሁለቱም ዳኑ?»

«አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። እሱ የግራዋ ጥፋት አይደለም።»

ተከራከሩ። ጋሼ በዳሳ መድኃኒቱን የወሰዱትን ዶሮዎች እንቁላል «ለአንድ ሳምንት እንዳትበሉ» ማለቱ ለአባቴ ትልቅ ድል ነበር፤ «መርዝ ባይሆን ለምን ይከለክላል?» እያለ ቤቱን ዞረበት። እናቴ በበኩሏ «በሳምንት የሚጠፋ መርዝና ዶሮውን ከነነፍሱ የሚጨርስ ትል፣ የቱ ይሻላል?» አለች። በመጨረሻ ዶሮዎቹን ተካፈሉ፤ ስድስት ለኪኒን፣ ስድስት ለግራዋ። አባቴ ከስፌት መኪናው ክር አመጣና የእናቴን ዶሮዎች እግር በቀይ፣ የራሱን በአረንጓዴ አሰረ። የስፌት ሰው ነውና ቋጠሮው እንኳ ያምር ነበር።

አርብ ማታ ለዶሮዎቹ ጥሬ ተከለከለ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው። እኔ ግን ምክንያቱን ማን ነግሮኝ? እናቴ በማታው ለእትዬ ዲሪቤ «ነገ ወስፋታቸው ተጠርጎ ይወጣል» ስትል ብቻ ነው የሰማሁት። ከወዲሁ ምግብ ማቆማቸው ነው! አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ኪኒኑን ፈጭታ ከፉርሽካ ጋር ለወሰች። አባቴ ደግሞ ግራዋውን በሙቀጫ ወቅጦ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ደቁሶ፣ ከኖፓ ያስመጣውን የዱባ ፍሬ ጨምሮ፣ አንድ ባልዲ አረንጓዴ ነገር አዘጋጀ። ሽታው ቡሬ ላይ የተኛ ሰው ያስነጥስ ነበር። ቀይ ክሮቹ በሉ። አረንጓዴዎቹ አንድ ጊዜ ቀመሱና አባቴን ቀና ብለው አዩት። ዶሮ ሰውን እንደዚያ ስታይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በማግስቱ የቀይ ክሮቹ ኩስ ነጭ ትል ሞልቶበታል። የአረንጓዴዎቹ ግን ምንም የለበትም። ሆኖም እነሱም ጥሬ ሲሰጣቸው ዞር አሉ፤ ገንዳቸው ሁሉ ግራዋ ግራዋ ይል ነበርና። እኔ ይህን አላስተዋልኩም። ያስተዋልኩት አሥራ ሁለቱም ክንፋቸውን ጥለው እንደቆሙና አንዳቸውም እንደማይበሉ ነው። የቀዮቹ ወስፋት መሬት ላይ ነው። የአረንጓዴዎቹ ደግሞ ወጥቶ የሆነ ቦታ ጠፍቷል።

ሥራዬን ጀመርኩ። በእንጨት እየለቀምኩ የቀዮቹን ወስፋት በቲማቲም ጣሳ ሰበሰብኩ። ለአረንጓዴዎቹ ከጓሮው በሳይንስ መጽሐፋችን መሠረት ምትክ ቆፈርኩ። ከዚያ ሁሉንም ለየባለቤቱ በፉርሽካ ለውሼ መለስኩ። ሲሻሙበት ብታዩ! በማግስቱ አሥራ ሁለቱም ጥሬ መልቀም ጀመሩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ ማንም አላወቀማ።

አሁን ነገሩን ያጣራሁት በራሴ ወጪ ነው። ዶሮ ከኪኒን በኋላ አንድ ቀን ቢደብታት በሁለተኛው ቀን ራሷ ትበላለች። ትል ደግሞ ጤነኛም ትሁን የታመመች ዶሮ አይታ አታልፍም። እናም እውነቱ ይህ ነው፦ እናቴ በኪኒን ያወጣችውን እኔ በማንኪያ እመልስ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የማንንም ሥራ እንደዚያ ከሥር ከሥሩ አፍርሼ አላውቅም። ባሌ ይህን ሲሰማ ሌላ ምሳሌ ጠቅሶ ይከራከራል፤ እሱ የራሱን ታሪክ ይጻፍ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ አባቴ ሱቁ ሳለ እናቴን ዶሮ ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። አረንጓዴ ክር ያላትን ዶሮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መንቁሯን በጣቶቿ ከፍታዋለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምላሷን እያየሁ ነው።»

«ምላሷ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው። ሂጂ ተጫወቺ። ለአባትሽ ደግሞ ምላስ ምናምን እያልሽ እንዳታወሪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአረንጓዴ ክሮቹንም እንቁላል ስትቀብር አየሁ። ለአባቴ ቁርስ የሚቀርበው ከእትዬ ዲሪቤ ቤት በሽሮ ዕቃ ተሸፍኖ የሚመጣ እንቁላል ሆነ። አልገረመኝም። ወስፋቷ አንዴ የወጣባት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ወስፋት የሌለው ጫጩት ይወጣዋል፤ ሳይፈለፈል መቀበሩ ተገቢ ነው አልኩ። አባቴ ግን በየጠዋቱ እንቁላሉን እየላጠ «ግራዋ የጠጣች ዶሮ እንቁላል ጣዕሙ ልዩ ነው! አስኳሉን ተመልከቱ!» ይል ነበር። እናቴ አስኳሉን ትመለከት ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ፣ አርብ፣ ከጁምዓ በፊት፣ አባቴን እዚያው ዶሮ ቤት አገኘሁት። ነጭ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አረንጓዴ ክር ያላትን አንዷን ብብቱ ሥር አጥብቆ ይዞ «ቢስሚላህ» ይላል።

«አባ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከቆጡ እንጨት ጋር አጋጨ። «ዱዓ እያደረግኩላቸው ነው።»

«አፏን ከፍተህ?»

«ዱዓው እንዲገባ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። የዱዓ ነገር ሲወራ ይረክሳል።»

አልነገርኩም። አባቴ ለዶሮ የሚጸልይ ሰው መሆኑ እጅግ አኩርቶኝ ለክፍል ጓደኞቼ ብቻ ነው የነገርኩት፤ አምሳ ስምንት ነበሩ።

ጋሼ በዳሳ የሚመጣበት ጠዋት ደረሰ። እናቴ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጋ፣ ዶሮ ቤቱን አመድ ነስንሳ፣ የኢድ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፍ አታውቅም። እኔም አልተቀመጥኩም። እንግዳው ዶሮዎቻችን ምን ያህል ወስፋት እንዳላቸው አይቶ እንዲደነቅ ከጓሮ አንድ ጣሳ ሙሉ ራሞ ቆፍሬ ገንዳው ላይ ገለበጥኩላቸው።

ጋሼ በዳሳ ጎንበስ ብሎ በቀጭን እንጨት የቀዮቹን ኩስ በታተነ። የአረንጓዴዎቹን በታተነ። አባቴ ክንዱን አጣጥፎ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሼ በዳሳ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ሊነሳ ሲል ቦት ጫማው ገንዳውን ነካው።

ገንዳው ይንቀሳቀስ ነበር።

«እትዬ ነኢማ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ምንድን ነው?»

እናቴ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጥሩ ላይ ተደግፋ የነበረችው እትዬ ዲሪቤ «ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠራች። አባቴ እንኳ ግራዋውን ረሳው። አምሳ ጫጩት ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ዋሪቱ ቤት ሲሄድ በእናቴ ዓይን ውስጥ ታየኝ።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። ድምፄን ክፍል ውስጥ ግጥም እንደሚያነብ ተማሪ ከፍ አድርጌ «ወስፋታቸው ነው!» አልኩ። «እናንተ አውጥታችሁ ጣላችሁባቸው፣ ሊሞቱ ነበር፤ እኔ መለስኩላቸው። የቀዮቹን ከኩሳቸው ለቅሜ፣ የአረንጓዴዎቹን ከጓሮ ቆፍሬ! አሁን ሁሉም ይርባቸዋል። ከፈለጉ ይዩዋቸው።»

ጋሼ በዳሳ ከገንዳው አንዱን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ትሉ ተወራጨ።

«ይሄን… ከጓሮ?»

«ከጓሮ። ራሞ ነው።»

«ራሞማ ራሞ ነው» አለ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «የመሬት ነው እንጂ የዶሮ አይደለም። ጋሼ እንድሪስ፣ ልጅዎ ዶሮዎቹ ላይ ረሃብ ልትተክል ነበር!» ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሲስቅ የጭቃ ቦት ጫማው እየተራገጠ ነበር። እትዬ ዲሪቤ አጥሩን ይዛ «ሙጫ! ያንቺ ወስፋት ነው መታከም ያለበት!» እያለች እንባዋን ጠረገች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጋሼ በዳሳን ብቻ ታይ ነበር።

እሱም ተነሳና እንደገና፣ በጥንቃቄ፣ የአሥራ ሁለቱንም ኩስ አንድ በአንድ አየ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። «አንድም የለም» አለ በመጨረሻ። «ንጹሕ ናቸው። አረንጓዴዎቹም።»

«ግራዋ!» አለ አባቴ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ አንስቶ።

«ግራዋ ነው» አለች እናቴ፣ መሬት እያየች።

ለዓመታት ያቺን ሰዓት ያተረፈው የእኔ ንግግር እንደሆነ አውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ግን ጡረታ የወጣውን ጋሼ በዳሳን ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁትና ስለ ጀግንነቴ አንስቼ ጠየቅሁት።

«ምኑን አተረፍሽው!» አለኝ። «እኔ እኮ ንጹሕ ብዬ ጨርሼ ልሄድ ነበር። አንቺ ነሽ ግማሽ ሰዓት ኩስ ያስቆጠርሽኝ። ደግሞ ንጹሕ መሆናቸውን ሳላይም አውቅ ነበር። እናትሽ በድብቅ መጥታ ለአረንጓዴዎቹ ለስድስቱም ኪኒን ወስዳለች፤ ‹ለእንድሪስ እንዳትነግረው› ብላ። በሳምንቱ አባትሽ መጣ፤ ለዚያው ለስድስቱ ወሰደ፤ ‹ለነኢማ እንዳትነግራት› ብሎ። ለቀዮቹ የመለስሽው ኪኒን የገደለው ትል ነው፤ ከሞተ በኋላ ምን ያደርጋል? እነዚያ አረንጓዴ ዶሮዎች ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የዋጡት። ትል ቢኖርባቸው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ በወጣ ነበር።»

ስለዚህ ግራዋ ብቻውን ይሥራ አይሥራ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ሦስታችን ተባብረን ፈተናውን አበላሽተንበታል። አባቴ አሁንም ዶሮ ለታመመበት ሁሉ ግራዋ ያዛል፤ እናቴም ከጎኑ ሆና «እውነቱን ነው፣ እኛ ቤት ሠርቷል» ትላለች። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ያታለለ ይመስለዋል። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፣ አልናገርም። ምስጢር መያዝ እንደማልችል የሚያወሩ ሰዎች ይህን ይመዝግቡልኝ።

ያን ቀን ጋሼ በዳሳ ወረቀቱን በሞተሩ ወንበር ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። አባቴ ከኋላው በትከሻው አሻግሮ ተመለከተና «ምን እየጻፍክ ነው?» አለ።

«የአባወራውን ስም ነው የሚጠይቀው። እንድሪስ…»

«ሰርዘው።»

«ጋሼ እንድሪስ፣ ቅጹ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ቅጹ ዶሮ አያረባም። እኔ እዚህ ቤት ግራዋ ብቻ ነኝ። ነኢማ ብለህ ጻፍ። ነኢማ መሀመድ ሰዒድ። አስተካክለህ ጻፍ፣ እንዳይጠፋ።»

እናቴ ቀና አለች። ብዕሩን ሰጧት። ስሟን መጻፍ የተማረችው በልጅነቷ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለነበር የተጻፈውን እያየች፣ ከሥሩ ፊደል በፊደል፣ ብዕሩን እንደ መርፌ ይዛ ፈረመች። አባቴ እያንዳንዱን ፊደል ስፌት እንደሚቆጥር ሰው በከንፈሩ ይከተላት ነበር።

እኔ ደግሞ በመካከላቸው ተሽሎክልኬ ገብቼ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ነኢማ መሀመድ ሰዒድ፤ አምሳ ጫጩት፤ ቀን፤ ፊርማ። አበቃ። አሥራ ሁለት ዶሮዎችን ከሞት ያዳነች ሴት ስም የትም የለም። ግቢው እስኪናወጥ አለቀስኩ።

እናቴ ብዕሩን ጥላ አቀፈችኝ። እሷም ታለቅስ ነበር። «እዩዋት» አለች ለሰዎቹ፣ ራሴን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ «ለእናቷ ደስ ብሏት እኮ ነው!»

እኔም አላረምኳትም።